«ምንም የለብህም» ከተባለ በኋላ፦ ስለ ወገብና እግር ሕመም የምንሰማቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ወገቡን የሚያመው ሰው ቡና ላይ ይህን ካነሳ፣ በረካው ሳይደርስ ስንት ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝለታል። አንዷ «ኩላሊት ነው» ትላለች። ሌላው «ብርድ ገብቶህ ነው» ይላል። ጥግ የተቀመጡት አባት ወጌሻ ይጠቁማሉ። ሁሉም ሲጨርሱ «አብሽር፣ ያልፋል» ብለው ይመርቃሉ።

ምርቃቱን እቀበላለሁ። ምክሩ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። እኔም ከወገቤ ተነስቶ እስከ ባቴ የሚወርድ፣ እስካሁን ስም ያልወጣለት ሕመም ይዤ የምኖር ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም እየጠየቅኩና እያነበብኩ የደረስኩበትን ነው የማካፍላችሁ።

«ራጁ ነጻ ነው፤ ስለዚህ ምንም የለብህም»

ከሕመሙ እኩል የሚያመው ይህ አባባል ነው። ራጅ በደንብ የሚያሳየው አጥንትን ነው። ጡንቻና ነርቭ እዚያ ላይ አይለዩም። በማግኔት ኃይል የሚያነሳው ኤምአርአይ ከራጅ የተሻለ ያያል፤ የሚያየው ግን ቅርጽን ነው። ሕመምን ፎቶ የሚያነሳ መሣሪያ እስካሁን የለም።

«ነጻ ነው» ማለት በተነሳው ፎቶ ላይ ስብራት፣ ዕጢ ወይም ሌላ ጉዳት አልታየም ማለት ነው። ይህ ትልቅ ዜና ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን የሚባልበት። «አያምህም» ማለት ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከታችኛው ወገብ ሕመም 90 በመቶ ያህሉ ተለይቶ የሚነገር አንድ መንስኤ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት። ስለዚህ ስም ያልተገኘለት ሰው የተለየ ፍጡር አይደለም። ብዙኃኑ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች መዝገብ ደግሞ ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም፣ ሌላ መንስኤ ባይገኝለትም፣ ራሱን ችሎ እንደ በሽታ ይመዘገባል።

ታዲያ የሚታይ ጉዳት ከሌለ የሚያመው ምንድን ነው? ነርቭ፣ ሕብለ ሰረሰርና አንጎል አንድ ላይ ሆነው አደጋ ሲመጣ ያስጠነቅቃሉ። ሕመም ሲቆይ ግን ይህ ጥበቃ ከልክ በላይ ይነቃል። ሌባ አንዴ የገባበት ግቢ ውሻ ቅጠል ሲወድቅም እየጮኸ ያድራል። ሌባው ከሄደ ቆይቷል፤ ጩኸቱ ግን እውነት ነው። እግር ላይ የሚሰማው መንዘር፣ መለብለብና መደንዘዝም አንዳንዴ እንደዚያ ነው። አልፈጠርከውም። አንጎልህ ውስጥ የሚሠራ መሆኑም የውሸት አያደርገውም።

«ኤምአርአይ ካልተነሳሁ አይታወቅም»

ጊደር ሸጦ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የታመመ ወገብ ይዞ አውቶቡስ ላይ መዋሉ ራሱ ሌላ ቅጣት ነው። ከዚያ «ዲስክ ወጣ ብሏል» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል፤ ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ማለት ይፈራል፣ ልጁን ማቀፍ ይፈራል፣ አወዳደቁን እያሰበ ይራመዳል።

እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት 98 ወገባቸውን የማያማቸውን ሰዎች ኤምአርአይ አነሳ። ከመካከላቸው 64 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ዲስካቸው ላይ ችግር ታየባቸው። ልብ በሉ፣ አንዳቸውንም አያማቸውም! እ.ኤ.አ. በ2015 ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ውጤት የሰበሰበ ሌላ ጥናት ደግሞ የዲስክ ማርጀት በ20 ዓመት ዕድሜ 37 በመቶ፣ በ80 ዓመት 96 በመቶ ሰው ላይ እንደሚታይ አሳየ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነገር የሕመሙ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከዕድሜ ጋር የመጣ፣ ከሕመሙ ጋር የማይገናኝ ነገርም ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ነርቭ የተጫነ ዲስክም ቢሆን ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ኤምአርአይ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። እግር እየደከመ ከሄደ፣ ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ወይም መጨረሻ ላይ የምጠቅሳቸው ምልክቶች ካሉ ያስፈልጋል። «ለማወቅ ያህል» ተብሎ ጊደር የሚሸጥበት ግን አይደለም።

«ኩላሊት ነው»

ወሎ ብቻ አይደለም፣ አገሩ ሁሉ ወገብ ሲያመው ኩላሊቱን ይጠረጥራል። የኩላሊት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በአንድ ጎን ነው የሚሰማው። ጠጠር ከሆነ እየመጣ እየሄደ ያንቆራጥጣል። ኢንፌክሽን ከሆነ ትኩሳት አለው፣ ሽንት ያቃጥላል። ብትቆምም ብትተኛም አይለወጥም። ጎንበስ ስትል የሚብስ፣ ስትራመድ የሚለወጥ፣ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም የኩላሊት ጠባይ የለውም። ቀስ በቀስ የሚመጣው የኩላሊት ድካም ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያሳምም ነው የሚቆየው። ጥርጣሬው ካለቀቃችሁ የሽንትና የደም ምርመራ አድርጉ። ቀላል ነው፣ ይገላግላል።

«መርፌ ብትወጋ ይለቅሃል»

የሚያስቀው፣ የሚያሳዝነውም፣ እዚህ ጋ ነው። ኩላሊቱን የጠረጠረው ሰው ራሱ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወጋል። ዳይክሎፌናክ ደግሞ ሲደጋገም ኩላሊትን ከሚጎዱ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ጨጓራንም ያቆስላል፣ ያደማል። ደም ግፊት ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ለጥቂት ቀን፣ በሐኪም ትእዛዝ ከሆነ ይረዳል። ከፋርማሲ በየሳምንቱ እየገዙ መወጋት ሌላ ነገር ነው። መቀመጫ ላይ ያለቦታው የገባ መርፌ ራሱ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችልም አትርሱ። ለእግር ሕመም የተወጋ ሰው እግሩ ሲጎተት ማየት አሳዛኝ ነው።

«ዴክሳ» (ዴክሳሜታዞን) የሚባለው መርፌም እንደዚያው ነው። ሲወጉት ቀለል ያደርጋል። ሲደጋገም ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም እንደ ትራማዶል ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎችን እንደ መደበኛ ሕክምና እንዳይሰጡ መክሯል። የወገብ ቀበቶንም አልደገፈም። ያስቀደመው እንቅስቃሴን፣ ስለ ሕመሙ ማስተማርን፣ የአካልና የሥነ ልቦና ሕክምናን ነው። መርፌ ጠብቆ ለሄደ ሰው አያረካም፤ አውቃለሁ።

«ብርድ ነው»

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ወገብ መጠቅለል ደስ ይላል፣ ሙቀትም ጡንቻ ያፍታታል። ጋቢያችሁን ልበሱ። ምክንያቱ ብርድ ቢሆን ኖሮ ግን ሞቃታማዎቹ ባቲና ቆቦ ላይ ወገቡን የሚያመው ሰው ባልተገኘ ነበር።

«ተኝተህ እረፍ»

ይህ ምክር ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ እምቢ ማለት ይከብዳል። እናት አልጋ አንጥፋ «ልጄ ተኛ» ስትል ማን ይነሳል? እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣ ጥናት ወገባቸውን ያመማቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሁለት ቀን፣ ግማሹን ሰባት ቀን እንዲተኙ አዘዘ። የተሻለ የዳነ ወገን አልነበረም። ሁለት ቀን የተባሉት ግን ቶሎ ወደ ሥራ ተመለሱ። ብዙ መተኛት ጡንቻን ያደክማል፣ መገጣጠሚያን ያደርቃል፣ ፍርሃትንም ያሳድጋል።

ግን «ተንቀሳቀስ» ማለትም ብቻውን ምክር አይደለም። ብዙዎቻችንን የሚጥለን ጥሩ ቀን ነው። ሕመሙ ትንሽ ጋብ ሲል የተጠራቀመ ልብስ ይታጠባል፣ በርበሬ ይቀነጠሳል፣ እንጀራ ይጋገራል፤ በማግስቱ ከአልጋ መነሳት የለም። ከዚያ «እንቅስቃሴ ጎዳኝ» ይባላል። የጎዳው እንቅስቃሴው ሳይሆን የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን መጨረሱ ነው። መፍትሔው ጥሩ ቀንም መጥፎ ቀንም ተመሳሳይ መጠን መሥራት ነው። በጥሩ ቀን ገና ሳያምህ ማቆም፣ በመጥፎ ቀን ደግሞ በትንሹም ቢሆን መነሳት። አስር ደቂቃ መራመድ ከቻልክ አስር ደቂቃ፣ በየሳምንቱ ትንሽ መጨመር። ደሴ ሁሉም ነገር ዳገት ስለሆነ መጀመሪያ ሜዳ ሜዳውን ፈልጉ። ትንሽ ሲያም «ተጎዳሁ» ማለት አይደለም። ሲያድር ወደ ነበረበት ከተመለሰ ልኩን አላለፋችሁም።

ሥራውን መቀየር ባይቻል አሠራሩ ይቀየራል። ምጣዱ ቆመው ወይም ቀና ብለው እንዲጋግሩበት ከፍ ይበል። ዱካ ላይ ተጎንብሶ ሙሉ ቡና ማፍላት ለእንዲህ ዓይነት ወገብ አይሆንም፤ ረከቦቱን ከፍ አድርጎ ከፍ ያለ ወንበር ላይ መቀመጥ ነውር አይደለም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቆማ የምትውል ልጅ አንድ እግሯን በየተራ ዝቅተኛ ነገር ላይ ብታሳርፍ ይቀላታል። ባጃጅ የሚነዳ ደግሞ በየመሃሉ ወርዶ ይንቀሳቀስ።

«ወጌሻ አጥንቱን ይመልሰዋል»

በወጌሻ እጅ ቀለል ያለው ሰው ብዙ ነው። መታሸት ጡንቻ ያላላል፤ ከላይ የጠቀስኩት መመሪያም ማሸትን አይቃወምም። ግን «ከቦታው የወጣ አከርካሪ መልሼ አስገባሁ» የሚባለው ልክ አይደለም። ቀጭ የሚለው ድምፅ የገባ አጥንት ድምፅ አይደለም። አደጋው መጠምዘዝና በጉልበት መጫን ላይ ነው። አጥንታቸው የሳሳ አዛውንት ወይም አከርካሪው በቲቢ የተበላ ሰው ላይ ይህን ማድረግ ስብራትና ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። ዋግምትም በጋራ ምላጭ ከሆነ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስና ኤችአይቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

«ጭንቀት ነው ካሉህ ውሸታም ብለውሃል»

ሐኪሙ ስለ እንቅልፍና ስለ ጭንቀት ሲጠይቅ ብዙ ሰው ይቆጣል። «እኔ ወገቤን ነው ያልኩት!» ቁጣው ይገባኛል፤ አንዳንዱ ባለሙያ ጥያቄውን ሰውን ለማባረሪያ ይጠቀምበታል። ጥያቄው ግን ትክክል ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሕመም ይጠነክርበታል፣ ሕመሙ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎ ሲገባ ስንቱ ቤቱን ጥሎ፣ ልጅ አዝሎ፣ በእግሩ ተሰደደ? ከዚያ በኋላ ሰውነቱ ዘና ማለት ያቃተው ሰው ሕመሙን ፈጠረው ማለት ነውር ነው። ሕመሙ ከዚያ ፍርሃት ጋር አይገናኝም ማለትም አያስኬድም።

አሚትሪፕቲሊን የታዘዘላችሁ ሰዎችም አትደንግጡ። አንድ ሰው «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው» ይላችኋል። እውነት ነው። በትንሽ መጠን ግን የሚያቃጥልና የሚነዝር የነርቭ ሕመምን ለማስታገስም ይሰጣል። አበድክ ማለት አይደለም።

«ወይ ጸበል ወይ ሐኪም»

ይህ ክርክር ለወሎ ሰው አይመጥንም። አባቷ ዱዓ የሚያደርጉላት፣ የእናቷ ቤተሰቦች ግሸን የሚሳሉላት ልጅ ባለችበት አገር ሁለት ነገር አብሮ መያዝ አዲስ አይደለም። ተጸበሉ፣ ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ተቀመጡ፤ የቲቢ፣ የስኳርና የግፊት መድኃኒት ግን አታቋርጡ።

«ስም ካልተገኘለት ዳግም መታየት ከንቱ ነው»

አይደለም። ትናንት ነጻ የተባለ ሰው ዛሬ አዲስ ምልክት ሊኖረው ይችላል። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ በሁለት እግር መካከልና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች በድንገት ከደከሙ፣ ይህ የዚያው ቀን ጉዳይ ነው። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል መሄድ ነው። አንድ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እሱም አያድርም።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ አብረው ካሉ የአከርካሪ ቲቢ መጠርጠር አለበት። ሳል ላይኖረው ይችላል፤ ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚውል ሰው ትኩሳቱ እየመጣ እየሄደ ወገቡን ካመመው ከእንስሳት ወደ ሰው ስለሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ይጠይቅ። የሁለቱም እግሮች ውስጥ እግር የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ስኳር ይታይ።

አንድ የሚረሳም አለ። ሕመሙ ከ45 ዓመት በፊት ቀስ ብሎ ከጀመረ፣ ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገብ ግትር ካለ፣ ሲተኙ ብሶ ሲንቀሳቀሱ የሚሻል ከሆነ፣ የመገጣጠሚያ ቁጣ የሚያመጣ የአከርካሪ በሽታ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ራጁ ነጻ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳይታወቅለት ዓመታት ያልፋሉ። የራሱ ሕክምና አለው።

ስትሄዱ «ሁሉም ቦታ ያመኛል» ብላችሁ አትግቡ። መቼ እንደጀመረ፣ ከጉልበት በታች ይወርድ እንደሆነ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ሌሊት ይቀሰቅሳችሁ እንደሆነ በወረቀት ጻፉ። የወሰዳችሁትን ኪኒንና መርፌ ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራሳችሁ የገዛችሁትንም ጭምር፣ አስፍሩ። የድሮ ራጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአዲሱ ጋር ይነጻጸራሉ።