በሰሜን ሸዋ የማኅበረሰብ አቀፍ ቱሪዝም የገንዘብ ምንጮች

በሰሜን ሸዋ ማኅበረሰብ አቀፍ ቱሪዝም ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው መንዝ ጓሳ ነው። በመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተንጣለለው ይህ ደጋ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። ነዋሪው ለ400 ዓመት ገደማ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል፤ ሣሩ ለጥቂት ዓመታት ይከለከላል፣ የሥርዓቱ አለቃ የሆነው አባ ቄራ ሲፈቅድ ይታጨዳል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም የጥበቃው ልማድ በኮሚቴ መልክ ቀጥሏል። እንግዳ ሊያየው የሚመጣው ሀብት የተገኘው በዚህ ጥበቃ ስለሆነ፣ ገንዘብ ፈላጊ ማኅበር ባዶ እጁን እንደሆነ አድርጎ መቅረብ የለበትም።

መጀመሪያ የሚፈለገው ከአባላቱ ነው። በኅብረት ሥራ አዋጅ ቁጥር 985/2009 የተመዘገበ ማኅበር ለአባላቱ ዕጣ (የባለቤትነት ድርሻ) ይሸጣል፤ ለምሳሌ 60 አባላት እያንዳንዳቸው የ2,000 ብር ዕጣ ቢገዙ 120,000 ብር ይሆናል። ብዙ ዕጣ የገዛም ድምፁ አንድ ነው። ይህ ገንዘብ ሎጅ አያሠራም፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የወጥ ቤት ዕቃና ኮርቻ ግን ይገዛል። ከዚህ ቀጥሎ ጉልበት አለ። በደቦ የተፈነቀለ ድንጋይ፣ ለቤት ክዳን የታጨደ የጓሳ ሣር፣ በበቅሎ የተጓጓዘ እንጨት ሁሉ መዋጮ ነው። የሚቆጠረው ግን ሲመዘገብ ብቻ ነው፦ ቀኑ፣ የሠራው ሰው ስም፣ የሰዓቱ ብዛት፣ የአካባቢው የቀን ሥራ ዋጋና ፊርማ። ብዙ ማኅበራት ይህን መዝገብ ስለማይዙ ለጋሹ «የእናንተ ድርሻ ስንት ነው?» ሲል መልስ ያጣሉ፤ የሠሩት ሥራ በከንቱ ይቀራል። ያሳዝናል።

እርዳታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለጓሳ የፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር ለዓመታት ድጋፍ ሰጥቷል። ለአነስተኛ ማኅበራት የሚመቸው የዓለም አቀፉ የአካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፍ ፕሮግራም ሲሆን፣ ለአንድ ፕሮጀክት የሚሰጠው ለዓመታት እስከ 50,000 ዶላር ነበር። አመልካች ቢያንስ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የመሬት መጠቀሚያ ማስረጃ፣ በጥምር ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብና የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) አሟልቶ ይቅረብ።

ብዙ ፕሮጀክት የሚሰናከለው በጊዜ ምክንያት ነው። ፕሮፎርማው የተሰበሰበው በጥቅምት፣ ገንዘቡ የተለቀቀው በሰኔ ከሆነ፣ በመካከሉ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይወደዳል። በዚያ ላይ መንዝ በክረምት ግንባታ አይችልም፤ ጭነት መኪናው ጭቃ ላይ ይቀራል። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የቀረ ቤት የሚታየው በዚህ ነው። መፍትሔው በበጀቱ ላይ የመጠባበቂያ መስመር ማስገባትና ክፍያው ከኅዳር በፊት እንዲለቀቅ በውሉ ላይ መጻፍ ነው። ሌላው ችግር እርዳታው ቤቱን እንጂ ጠባቂውን አለመክፈሉ ነው። ሎጅ ለመሥራት የሚሰጥ ብዙ ነው፤ የስካውት (የጥበቃ ሠራተኛ) ደመወዝና የጣሪያ እድሳት የሚሸፍን ግን ጥቂት።

ብድርን በተመለከተ ቶሎ ለሚመለስ ነገር ብቻ መውሰድ ይሻላል፦ ለበቅሎ፣ ለድንኳን፣ ባና የተባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች ሱፍ። የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ፀደይ ባንክ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከወጣ ወዲህ ከብትና በግም በሕግ መያዣ መሆን ይችላሉ፤ የቅርንጫፉ ኃላፊ ካላነሳው ተበዳሪው ራሱ ያንሳው። ሎጅን በብድር መሥራት ግን አይመከርም፤ ወለዱ በየወሩ ይጠየቃል፣ እንግዳው ግን በወቅት ነው የሚመጣው።

ዘላቂው ምንጭ የመግቢያ፣ የካምፕ፣ የአስጎብኚና የጭነት እንስሳት ክፍያ ነው። ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር ይኑረው፤ የአስጎብኚው ድርሻ በዕለቱ ይከፈል፣ የማኅበሩ ድርሻ ባንክ ይግባ። በ2014 መግቢያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና አካባቢ ሲደርስ፣ ከዚያም ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ሲነሳ የእንግዳው መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ በደኅናው ጊዜ ከየደረሰኙ ተቀንሶ፣ ቢያንስ የስድስት ወር የጠባቂ ደመወዝ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ማውጣት የሚቻለውም በጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ይሁን።