ጥምቀትና ዳግም ልደት በሐረርና በድሬዳዋ

የሐረርና የድሬዳዋ ክርስቲያኖች ስለ ጥምቀት ሲያወሩ መነሻቸው አንድ ነው። ሰው ከውኃና ከመንፈስ ይወለዳል የሚለው የዮሐንስ ወንጌል 3፥5። የሚለያዩት «መቼ ነው የሚወለደው?» ሲባል ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላልና። ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት ስለ ሕፃኑ ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ሃይማኖት ይመሰክራሉ። ካህኑ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል። ሜሮን የተባለውን ቅዱስ ቅባት ይቀባል፣ ማዕተብ ይታሰርለታል፣ የዚያኑ ዕለት ይቆርባል። ከዚያ ቤት ድግስ ነው፤ አበ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም።

የክርስትና ስም የጸሎት ስም ነው፤ ሰፈር ላያውቀው ይችላል። ዓለም ያወቀው አንዱ ግን ከሐረር ነው። የራስ መኮንን ልጅ ተፈሪ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ ስም ነው። ሐረር ብትኮራበት አይፈረድባትም።

ቁልቢ ገብርኤልንም የተከሉት ራስ መኮንን ናቸው፣ ከዓድዋ ድል በኋላ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ምእመናን ከድሬዳዋ በደንገጎ በኩል ሽቅብ ይጎርፋሉ። ተስለው ልጅ ያገኙ ወላጆች ሕፃናቱን እዚያው ክርስትና ያስነሣሉ። ለቅሶው፣ እልልታው፣ ግፊያው ሌላ ነው። አንዴ ያየ አይረሳውም።

ካቶሊኮች ሐረር የገቡት ምኒልክ ከተማዋን በ1879 ዓ.ም. ከመያዛቸው በፊት ነው። ካቶሊክነትን ያመጡት ካፑቺን የሚባሉ መነኮሳት ሚሲዮናውያን ናቸው። እነሱም ሕፃን ያጠምቃሉ።

ፕሮቴስታንቶች አንድ ዓይነት አይደሉም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች። መሠረተ ክርስቶስ፣ ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ግን መጀመሪያ ሰው አምኖ «ጌታን ይቀበል» ይላሉ። ለእነሱ ዳግም ልደት ያ ነው፤ የውኃ ጥምቀት ምስክርነቱ ነው። ሙሉ ወንጌል በመንፈስ ቅዱስ መጠመቅን ለብቻው ታስተምራለች።

በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው ወደ እነዚህ ሲሄድ እንደገና ይጠመቃል፤ ቤተሰብ የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነው። ኦርቶዶክሱ «ጥምቀት አንዲት ናት» ይላል፣ ጸሎተ ሃይማኖትም ይህንኑ ይላል። የሄደው ሰው ተጸጽቶ ቢመለስ ክርስትና ዳግመኛ አይነሣም። ንስሐ ገብቶ መጽሐፈ ቄደር፣ ማለትም ከሃይማኖት ወጥቶ ለተመለሰ የሚጸለየው የመንጻት ጸሎት፣ ይነበብለታል።