ራስ፦ ከጦር ሜዳ እስከ ሬጌ መድረክ የዘለቀ ማዕረግ

ራስ በኢትዮጵያ የሹመት ተዋረድ ከንጉሥ ቀጥሎ የሚመጣ ማዕረግ ነበር። ከሥሩ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማችና ባላምባራስ ይከተላሉ። ባለማዕረጉ ከንጉሣውያን ቤተሰብ ከሆነ እንደ ካሳ ኃይሉ «ልዑል ራስ» ይባላል። «ራስ ቢትወደድ» የሚባልም ነበር፤ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የነበሩት ተሰማ ናደው በዚህ ይታወቃሉ።

ማዕረጉ የሚገኘው በሹመት እንጂ በውርስ አይደለም። አባቱ ራስ ስለነበረ ብቻ ራስ የሚሆን ልጅ የለም። በ1879 ዓ.ም ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጦር የደመሰሱት ራስ አሉላ እንግዳ የተምቤን ገበሬ ልጅ ናቸው። ማዕረጉ ከዙፋኑ የበለጠ የከበደበት ጊዜም ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም አፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ በጎንደር ንጉሥ የሚያነግሡትም የሚያወርዱትም ራሶች ሆኑ። ከእነዚህ የመጨረሻው ኃያል፣ የየጁው ራስ አሊ፣ በ1845 ዓ.ም አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሳ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ በሆኑት፣ ድል ተመቱ።

ታሪክ ስንጽፍ ደጋግሞ የሚያሳስተን ሰውየው በኋላ ያገኘውን ማዕረግ ለቀደመው ዘመኑ መስጠት ነው። በ1881 ዓ.ም ወደ ኢጣሊያ የተላኩት ደጃዝማች መኮንን እንጂ ራስ መኮንን አልነበሩም፤ ራስ የተባሉት ከዚያ መልስ ነው። ዓድዋ ላይ ግን ራስ ናቸው። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ሲገኝ ማዕረጉ ዘመኑን ለመገመት ይረዳል። ማዕረጉ የሚቀድመው የሰውየውን የራሱን ስም ነው፤ «ራስ አሉላ» እንላለን፣ በአባት ስም ብቻ «ራስ እንግዳ» አንልም።

ከሙዚቃ ጋር ያለው ዝምድና ከሬጌ በፊት የጀመረ ነው። ትልቅ ሹም ሲንቀሳቀስ ነጋሪት ይጎሰምለታል፣ እምቢልታና መለከት ይነፋለታል። ነጋሪቱ የክብር ምልክትም የአዋጅ መንገሪያም ስለነበር በ1934 ዓ.ም መታተም የጀመረው የሕግ ጋዜጣ «ነጋሪት ጋዜጣ» ተባለ። አዝማሪ ደግሞ ባለማዕረጉን በፈረስ ስሙ ያወድሳል፤ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ጎበና ዳጬ «አባ ጥጉ»፣ መኮንን «አባ ቃኘው» ናቸው። ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ፈረስ ነው።

የመኮንን ልጅ ተፈሪ በመስከረም 1909 ዓ.ም ራስና አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ በ1921 ዓ.ም ንጉሥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥት። ጃማይካ ውስጥ የተነሣው እምነት ግን የተጠራው በዙፋን ስማቸው ሳይሆን በቀድሞው ማዕረግና ስም፣ «ራስ ተፈሪ» በሚለው ነው። ተከታዮቹም «ራስ»ን ከየስማቸው ፊት ማስቀደም ጀመሩ። ይህ ሹመት አይደለም፤ ሿሚም ተዋረድም የለውም። የእምነት መታወቂያ ነውና እንደ ሐሰተኛ ማዕረግ መቁጠሩ ተገቢ አይመስለንም። በሙዚቃው ዓለም ከታወቁት አንዱ ራስ ማይክል ነው፤ ቡድኑን «የንጉሥ ልጆች» (በእንግሊዝኛ Sons of Negus) በሚል ስም ሲጠራ «ንጉሥ» የሚለውን ቃል እንዳለ በአማርኛው አስቀርቶታል። የሚጫወቱት ናያቢንጊ የሚባለው የእምነቱ የዝማሬ ምት በሦስት ከበሮዎች ይቆማል፦ ትልቁ ቤዝ የምቱን መነሻ ይመታል፣ ፈንዴ እንደ ልብ ትርታ ሳያቋርጥ ይደግፋል፣ ሪፒተር ከላይ እንደልቡ ይጫወታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም ኪንግስተን የገቡበት ዕለት እስከ ዛሬ በምእመናኑ ዘንድ በከበሮና በዝማሬ ይከበራል። ከዚያ የመጡ ቤተሰቦች በተሰጠው መሬት ላይ በሰፈሩባት ሻሸመኔ ሁለቱ አጠቃቀሞች ጎን ለጎን ይሰማሉ።

አዲስ አበባ ውስጥ ማዕረጉ የቦታ ስም ሆኖ ቀርቷል፤ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ራስ ደስታ ሆስፒታል፣ ራስ ቴአትር፣ የራሱ ባንድ የነበረው ራስ ሆቴል። ደርግ በ1967 ዓ.ም ዘውዱን ከነማዕረጎቹ ከሻረ በኋላ አዲስ ራስ አልተሾመም። ራስ ዳሸን ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ እዚያ ላይ «ራስ» የተራራውን አናት እንጂ ሹም አያመለክትም።