የማክ አድራሻ ቅየራ በብሮድባንድ ኔትወርክ ውስጥ

ማክ የኔትወርክ እቃ መለያ ቁጥር ነው። የማክ ቅየራ ማለት ቤት ያለው ራውተር የላከው ፍሬም (የዳታ ጥቅል) ወደ ኢንተርኔት ኩባንያው ኔትወርክ ሲገባ መነሻ ማኩ በሌላ ተተክቶ እንዲያልፍ፣ መልሱ ሲመጣ ደግሞ በዋናው ተመልሶ ቤት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ይሄን የሚሰራው የደንበኛ መስመሮች የሚሰበሰቡበት ሳጥን ነው፣ በስልክ መስመር ዲስላም፣ በፋይበር ኦኤልቲ የሚሉት።

ድሮ ኤቲኤም በሚባለው የዳታ ማስተላለፊያ ዘዴ ጊዜ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ መስመር ስለነበረው ማክ ብዙም አያሳስብም ነበር። በፈረንጆቹ 2006 የብሮድባንድ ኩባንያዎች ማህበር የሆነው ዲኤስኤል ፎረም ቲአር-101 የሚባለውን የአሰራር ሰነድ አውጥቶ ነገሩ ወደ ኢተርኔት ሲዞር ግን ብዙ ደንበኛ አንድ ቪላን (ከዋናው ኔትወርክ ተከፍሎ የተለየ ንዑስ ኔትወርክ) መጋራት ጀመረ።

ማክ 48 ቢት ነው፣ በደንቡ ሁለት እቃ አንድ ማክ አይኖራቸውም። ግን ብዙ ራውተር ላይ ማክ መኮረጂያ ሴቲንግ አለ። ሁለት ጎረቤት አንድ አይነት ማክ ይዘው ከተገናኙ ሳጥኑ ወይም ከሱ በላይ ያለው ስዊች (ፍሬሞችን ማክ እያየ የሚያስተላልፍ እቃ) ማኩን አንዴ በዚህኛው አንዴ በዚያኛው ፖርት እየመዘገበ የሁለቱንም ኢንተርኔት ያቆራርጠዋል፣ ደንበኛው ደግሞ ራውተሩን እያጠፋ እያበራ ይውላል።

ሳጥኑ የሚሰጠው ማክ በራሱ ቀመር የሚሰራ ነው። ለምሳሌ 02-00-00-03-07-01 ብንል፣ 02 በአምራች ያልተሰጠ የአካባቢ አድራሻ መሆኑን ያሳያል፣ 03 የሳጥኑን ካርድ 07 የካርዱን ፖርት እንዲያመለክት ማድረግ ይቻላል። በጣም ቆንጆ አሰራር ነው።

ከባዱ ነገር ማክ ፍሬሙ አናት ላይ ብቻ አለመቀመጡ ነው። ኤአርፒ (የአንድ አይፒ ባለቤት ማክ የሚጠየቅበት መልእክት) ሆዱ ውስጥም ይጽፈዋል፣ ዲኤችሲፒም (አይፒ የሚታደልበት) ለደንበኛው ሃርድዌር አድራሻ ባስቀመጠው 16 ባይት ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 6 ለሱ ይሰጣል። አናቱን ብቻ ቀይረህ ውስጡን ከተውከው ሰርቨሩ መልሱን ለዋናው ማክ ሊልከው ይችላል፣ ላይ ያለው ስዊች ደግሞ ያንን ማክ አያውቀውም፣ ራውተሩም አይፒ ሳያገኝ ይቀራል። የዲኤችሲፒ ውስጡ ሲቀየር ዲኤችሲፒን የሚሸከመው የዩዲፒ ቼክሰምም (ስህተት መፈተሻ ቁጥር) እንደገና መሰላት አለበት። ፒፒፒኦኢ (ደንበኛው በስምና በይለፍ ቃል የሚገባበት ግንኙነት) ላይ አናቱን መቀየር ባብዛኛው ይበቃል። በአዲሱ የአይፒ ስሪት በአይፒቪ6 ላይ የኤአርፒን ስራ የሚሰሩት የጎረቤት ፍለጋ መልእክቶችም መነካት አለባቸው።

አንዳንዶች ኦፕሽን 82 (ሳጥኑ የደንበኛውን መስመር የዲኤችሲፒ ጥያቄው ላይ የሚጽፍበት) እና በፖርት የማክ ገደብ ካለ ቅየራው አያስፈልግም ይላሉ። ለየደንበኛው የራሱን ቪላን መስጠትም አማራጭ ነው፣ አንድ የቪላን ታግ (ፍሬሙ ላይ የሚጻፍ የቪላን ቁጥር) ግን 4094 ላይ ስለሚያልቅ ድርብ ታግ ይፈልጋል። ማክ የተደገመበትን ኔትወርክ ያየ ሰው ግን ቅየራውን ይመርጣል።

ጥገና ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፣ ራውተሩ ጀርባ ስቲከሩ ላይ ያለውን ማክ ላይ ባሉት ስዊቾች ብትፈልገው አታገኘውም፣ መጀመሪያ ሳጥኑ ላይ ገብተህ የቅየራ ሰንጠረዡን ማየት አለብህ።