ፍሪላንስ ጸሐፊ ምንድን ነው? «ቅናቱ»ስ ከየት መጣ?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በሬዲዮ ስለ ፍሪላንስ ጸሐፊዎች ሲያወራ ሰማሁ። «ቋሚ ሥራ ያጡ፣ እርስ በርስ የሚቀናኑ ሰዎች ናቸው» አለ። ይህችን አባባል ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል።

ፍሪላንስ ጸሐፊ በወር ደመወዝ ሳይሆን በሠራው ጽሑፍ ልክ የሚከፈለው ነው። አለቀ። እዚህ ጎንደር አስጎብኚም፣ መምህርም፣ ጡረተኛም ይሠራዋል። ሥራ ስለማጣት የሚያወራው ተንታኙ ብቻ ነው።

የሚያናድደኝ ግን «ቅናት» የምትለዋ ናት። ፉክክር የለም አልልም። አለ፤ አንዳንዴም ይመርራል። ምንጩ ግን ጠባይ አይደለም። አንዱ ለእንጀራ፣ ሌላው ለስም መጻፉ ነው።

ፍርድ ቤት አካባቢ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን አስቡ። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የቤት ኪራዩን የሚያወጣው ከዚያች ጠረጴዛ ነው። ሌላው ጡረታ አላቸው፤ ቤት መዋል ሰልችቷቸው የመጡ ናቸው። በግማሽ ዋጋ ይጽፋሉ፤ ባለጉዳይ ከመረቃቸው ይበቃቸዋል። ክፋት የለባቸውም። ግን የጎረቤታቸውን ዋጋ ሰበሩት። እሱ ቢከፋው ቅናተኛ ነው? ደግሞ እኮ ወረቀት ሲያልቅ ይበዳደራሉ። የውርስ ጉዳይ የመጣበት «ይህን እሳቸው ያውቁታል» ብሎ ባለጉዳዩን ወደ ጎን ያሳልፋል። ምሳሌዬ ትንሽ የሚያነክሰው ክፍያ ላይ ነው። ማመልከቻ ጻፊ ገንዘቡን እዚያው ይቀበላል። እኛ ብዙ ጊዜ የሚከፈለን ጽሑፉ ሲወጣ ነው። አርታኢው ሐሳቡን ከቀየረ የደከምንበት ሁሉ ውኃ በላው። ስለዚህ ጽሑፉ ባይወጣም የሚከፈል ድርሻ እንዲኖር ቀድማችሁ ተስማሙ።

ፉክክሩ ወቅትም አለው። ጥር ሲመጣ ብዕር የያዘ ሁሉ ስለ ጥምቀት ይጽፋል። ሁሉም ፋሲል ግቢ በፈረንጆች 1979 በዩኔስኮ መዝገብ መግባቱን ይነግራችኋል፤ ጥምቀት ደግሞ በ2019። አርታኢው የሚገዛው አንዱን ነው። ያኔ ኩርፊያው ይጀመራል። ሐምሌ ላይ ስለ ደንቢያ ገበሬና ስለ እምቦጭ አረም ልጻፍ የሚልን ሰው ግን ማን ይሻማዋል? ጥር ላይ የተኮራረፉት ሐምሌ ላይ ፒያሳ አብረው ቡና ይጠጣሉ።

ከሁሉ የከፋው ክስ «ሐሳቤን ሰረቀኝ» የሚለው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ብቻውን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተገለጸበትን ሥራ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ መላእክት ቢጽፉ ስርቆት የለም። አንቀጹን ከነነጠላ ሰረዙ መገልበጥ ግን ስርቆት ነው። ሳልጠየቅ ልጨምርና፣ በዚሁ አዋጅ በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። ብዙ ጸሐፊ ይህን የሚሰማው ከተጣላ በኋላ ነው።

ተንታኙ «ለገንዘብ የሚጽፍ ጥበብ የለውም» ብሎም ነበር። የሌሎችን ጽሑፍ ሳርም ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ለእንጀራው የሚጽፈው ቁረጥ ሲሉት ይቆርጣል፤ በቀኑም ያስረክባል። ለስሙ የሚጽፈው በአንዲት ቅጽል ሳምንት ይከራከራል።

የሌላ ሰው ግለ ታሪክ በድብቅ የሚጽፉትን ደግሞ እዩ። ስማቸው ሽፋኑ ላይ የለም። ዋጋቸው ቀድሞ ተቆርጧል። ሰዎቹ እነዚያው ጥር ላይ የሚኮራረፉት ናቸው፤ እዚህ ሥራ ላይ ግን እርስ በርስ ሲጣሉ አላየሁም። ከባለታሪኩ ዘመዶች ጋር ያለው ጠብ ሌላ ነው።