በአሮጌ የስንጥቅ ቀርከሃ ዘንግ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

በእንግሊዝና በአሜሪካ አሮጌ ቤቶች ውስጥ በጨርቅ ከረጢት ተጠቅልሎ የሚገኝ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የተሠራ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ ባለ ሦስት ማዕዘን ስድስት ስንጣቂዎች ይወጡለትና በኮላ ተጣብቀው ባለ ስድስት ጎን ዘንግ ይሆናሉ። እንዲህ ያለውን ዘንግ ከዕድሜው ይልቅ የሚጎዳው በቅን ልቦና የሚደረግ ጥገና ነው።

«አሮጌ ከሆነ ውድ ነው» የሚለው እምነት ከሁሉ ይበልጥ የተስፋፋ ነው። በአሜሪካ እንደ ሞንታግና ሆሮክስ-ኢቦትሰን ያሉ ፋብሪካዎች ርካሽ ዘንጎችን በብዛት ያመርቱ ስለነበር ዛሬ የሚገኘው አብዛኛው ከእነዚህ ወገን ነው። ዋጋውን የሚወስኑት ሠሪውና ዘንጉ የሚገጣጠምባቸው ክፍሎች ሙሉነት ናቸው። ክፍሎቹን ጎን ለጎን አስተኝቶ መለካት ይበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ እኩል ስለሚሆኑ የጫፉ ክፍል በሁለት ጣት ያህል ካጠረ ተሰብሮ ክሩ የሚያልፍበት የጫፍ ቀለበት ወደ ታች ተመልሶ የተተከለ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ጥቁር ቡናማ ቀለም የዕድሜ ምልክት ነው የሚሉም አሉ። ቀለሙ ግን ብዙውን ጊዜ በሠሪው ቤት በእሳት ወላፈን የተገኘ ነው፤ ኦርቪስ የተባለው የአሜሪካ ዘንግ አምራችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀርከሃውን በሙጫ እያራሰ ያወጣቸው ዘንጎች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ ቡናማ ነበሩ።

«ስም ካልተጻፈበት ማንነቱ አይታወቅም» ማለትም ትክክል አይደለም። ከቡሽ መያዣው በላይ ያለውን ጎን በመስኮት ብርሃን አዘንብሎ ማየት ነው፤ የደበዘዘ የቀለም ጽሑፍ ከቫርኒሹ ሥር ብቅ ሊል ይችላል። በእንግሊዝ አልንዊክ ከተማ የነበሩት ዘንግ ሠሪዎች ሃርዲ ወንድማማቾች ለምሳሌ «ፓላኮና» የሚለውን የንግድ ምልክትና ተከታታይ ቁጥር ይጠቀሙ ነበር። በተቃራኒው በታችኛው የብረት ክዳን ላይ ያለ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ክዳን ይለወጣልና።

ከሁሉ የከፋው ግን ቫርኒሹን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አዲስ መቀባት ነው። የቀርከሃ ብርታት ከቆዳው ሥር ባሉት ጥቅጥቅ ያሉ ቃጫዎች ላይ ስለሆነ ወረቀቱ መጀመሪያ የሚበላው ይህንኑ ነው። መታጠፍን የመቋቋም አቅም ደግሞ ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ስለሚሄድ፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ጫፍ ላይ ከየጎኑ 0.1 ሚሊሜትር ቢፋቅ፣ ማለትም ውፍረቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ ከአቅሙ ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። አብሮት የሠሪው ጽሑፍ ይሄዳል። በሙጫ የራሱት የኦርቪስ ዘንጎች ደግሞ ከነጭራሹ የሚፋቅ ቫርኒሽ የላቸውም። እኔ የምመክረው በእርጥብ ጨርቅና በለስላሳ ሳሙና ጠርጎ፣ አድርቆ፣ የተላጠውን ቦታ ብቻ በስሱ መቀባት ነው። ቀለበቶቹን ከዘንጉ ጋር የሚያስረውን የሐር ክር ጥምጥም መቀየር ግድ ከሆነ ርዝመቱንና ዙሩን ቆጥሮ መጻፍና ከአሮጌው ክር ቁራጭ ማስቀረት ይገባል። ሐር ቫርኒሽ ሲነካው ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ቀለሙ ስለሚለወጥ፣ ክሩ በማጠንጠኛው ላይ ሳለ አይቶ መምረጥ ያሳስታል።

የጎበጠ ዘንግ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ቀርከሃ በሙቀት ይቃናል። ነገር ግን አሮጌ ዘንጎች የተጣበቁት ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በተሠራ ኮላ ስለሆነ ያው ሙቀት መገጣጠሚያውን ሊፈታው ይችላል፤ ለትንሽ ጉብጠት ሲባል ይህን አደጋ መጋፈጥ አያዋጣም።

የዘንጉን ክፍሎች የሚያገናኘውን የብረት መጋጠሚያ ሲጣበቅ በፒንሳ ይዞ ማዞር ቀርከሃውን ከብረቱ ሥር ይሰብረዋል። መጋጠሚያውን በበረዶ ካቀዘቀዙ በኋላ ውጫዊውን ክፍል ብቻ በመዳፍ ሞቅ አድርጎ፣ ሁለት ሰዎች ቀጥ አድርገው ይስባሉ። ብረቱ «የጀርመን ብር» ቢባልም የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ እንጂ አንዳች ብር የለበትም።

በመጨረሻም ማንኛውም ቀርከሃ ለስንጣቂ ምትክ ይሆናል የሚለው ግምት አለ። ሠሪዎቹ የመረጡት በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ አካባቢ የሚበቅለውን ቶንኪን የተባለ ዝርያ ነው። የእኛ የቆላ ቀርከሃ፣ ግንዱ በአብዛኛው ድፍን የሆነ፣ ሌላ ተክል ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950 ከቻይና ጋር የነበራትን ንግድ ስታቋርጥ የአገሪቱ ሠሪዎች ሌላ ቀርከሃ ከመያዝ ይልቅ ያከማቹትን ቶንኪን እየቆጠቡ ነበር የሠሩት።