የጋራ የመሬት ደብተር ምንድን ነው? ፌሚኒዝም ሳይባል የሚስማሙበት ጉዳይ

«ፌሚኒዝም» ሲባል ጭቅጭቁ አብዛኛውን ጊዜ ከቃሉ አያልፍም። «ደብተሩ ላይ የማን ስም ይስፈር?» ሲባል ግን ልጁን የዳረ አባትም፣ እህቱ ፈታ የተመለሰችበት ወንድምም ያገባዋል።

የጋራ ደብተር የባልና ሚስት የእርሻ መሬት በሁለቱም ስም ተመዝግቦ የሚሰጥ የይዞታ ማረጋገጫ ነው። መሬት ስለማይሸጥ የሚያረጋግጠው የመጠቀም፣ የማከራየትና የማውረስ መብትን ነው። ትግራይ በ1990 ገደማ ምዝገባ ስትጀምር ደብተሩ በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ይወጣ ነበር፤ ያ ማለት ባብዛኛው በባል ስም ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አማራ ክልል የሁለቱንም ስምና ጉርድ ፎቶ አስገባ። ፎቶው ትንሽ ነገር እንዳይመስል፤ ያልተማረችውም ሴት ደብተሩን ገልጣ ራሷን ታያለች። በፌዴራል ደረጃም አዋጅ 456/1997 የጋራ ይዞታ ደብተር በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ ደነገገ።

ጥቅሙ የሚስት ብቻ አይደለም። ሁለት ፊርማ ካስፈለገ በክፉ ቀን ማሳውን ለረጅም ዓመት በርካሽ ማከራየት ወይም በወለድ አገድ (አበዳሪው ብድሩ እስኪመለስ በወለድ ፈንታ መሬቱን እንዲጠቀምበት) መስጠት ይከብዳል። ባል ቢሞትም ልጆቹ ከአጎቶቻቸው ጋር የሚሟገቱበት በር ይጠባል። ባሎችን የሚያሳምነውም ይሄ እንጂ የእኩልነት ስብከት አይመስለንም።

ሲመዘገቡ የሚስት ስም እስከ አያት መጻፉን፣ ከመታወቂያዋ ጋር መግጠሙን፣ የእያንዳንዱ ማሳ ስፋትና የአራቱም አቅጣጫ አዋሳኝ መስፈሩን ማየት ያስፈልጋል። ሚስት ከወላጆቿ ያመጣችው ማሳ ካለም ምንጩ ይጻፍ፤ አለዚያ ፍቺ ሲመጣ የጋራ ነው ያሰኛል። ሽማግሌ አካፍሏቸው ለውጡን ወረዳው መሬት አስተዳደር ሄደው ካላስመዘገቡ ደብተሩ እንደነበረ ይቀራል፤ ብዙ ክርክር የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ደብተር የማይፈታው ደግሞ የበሬውን ጉዳይ ነው። በደጋው ልማድ ሴት ሞፈር ስለማትጨብጥ፣ ባል የሌላት ሴት መሬቷን አርሶ ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹ የሟች ባሏ ወንድም ከሆነ «ድርሻዬን አምጣ» ማለት ያስቸግራል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍና በምስክር ይሁን፤ ዘሩንና ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባውም ለማን እንደሆነ ይጠቀስበት። ካልተጻፈ አውድማ ላይ በመጀመሪያ የአራሹ ወጪ ይነሳና የሚካፈሉት የተረፈውን ይሆናል።